የእናትህ ወንድሞችስ?

ዶክተሩ ጥርስ ከመንቀሉ በፊት ሁልጊዜ የሚጠይቃት አንድ ጥያቄ ነበረችው። ጓንቱን ሳያጠልቅ፣ መርፌውን ሳያነሳ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳያስተኛ በሽተኛውን ቀና ብሎ ያየውና «ከዘመዶችህ ደሙ አልቆም ብሎ የተቸገረ ሰው አለ?» ይለዋል። ሐርጌሳ ውስጥ ሰውን ስለ ዘመዱ መጠየቅ ምን ያህል ጣጣ እንዳለው ያየሁት በዚያ ክፍል ነው። የአገሩ ሰው «ዘመድ» ሲባል ጥርሱን እያመመውም ቢሆን ቀጥ ብሎ ይቀመጥና አባቶቹን መቁጠር ይጀምራል። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ ጎሳው እስከሚጀምርበት ድረስ ይወርዳል። ጉንጩ አብጦ አፉ አልከፈት ቢለው እንኳ አንድ ስም አይዘልም። ዶክተሩም የዚያው አገር ልጅ ስለሆነ አያቋርጠውም። ሰውየው ሲጨርስ «አባቶችህን ሰማሁ፣ አላህ ይማራቸው። የእናትህ ወንድሞችስ?» ይለዋል። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ስም ሲያንበለብል የነበረ ሰው አንድ ስም ያጣል።

እኔ የዶክተሩ ረዳት ነበርኩ። ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር፣ ከሚኒባሶቹ መቆሚያ ብዙ ሳይርቅ፣ ከአንድ ሻይ ቤት ጎን ባለች ክሊኒክ ውስጥ መሣሪያ እቀቅላለሁ፣ ምራቅ መምጠጫዋን እይዛለሁ፣ ሐበሻ ሲመጣ ደግሞ አስተረጉማለሁ። የሐበሻ በሽተኛ አይጠፋም ነበር፤ ግንበኛው፣ ሾፌሩ፣ ሰው ቤት የምትሠራዋ። ዶክተሩ «አባዮ» ነበር የሚለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው። ሲደሰት ያስተምረኛል፣ ሲናደድ ደግሞ ዝም ይላል፤ እኔ ግን ስናደድ ዝም የምል ሰው አይደለሁም።

ጥርስ ብዙ የዘር ነገር እንዳለበት ያወቅሁት ከእሱ ነው። ፍንጭት ከእናት ወደ ልጅ ይሄዳል። አንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ አንድ ጥርስ ጨርሶ አይበቅልም፣ ልጁም ያው ጥርስ ይጎድለዋል። የዝዋይ ሾፌሮች ግን ጥርሳቸው ቡናማ የሆነው በዘር መስሏቸው ሲያፍሩ «ውኃው ነው፣ አባትህን አትውቀስ» ይላቸው ነበር። የዘሩን ከውኃው መለየት ለእሱ የሥራው ግማሽ ነበር። የሚፈራው ግን ደሙን ነበር። «ደም የማይረጋበት በሽታ አለ» አለኝ አንድ ቀን። «ሴቷ ይዛው ትኖራለች፣ እሷን ብዙም አይነካትም፣ በወንድ ልጇ ግን ይወጣል። ስለዚህ አባትን መጠየቅ አይረዳኝም። የምጠይቀው የእናትን ወንድም ነው።»

ይህን ስሰማ ኮራሁ፣ ለምን ልዋሽ! እነዚህ ሰዎች ሃያ አባት ቆጥረው አንዲት እናት አይቆጥሩም፣ እኛ ግን ጋብቻ ሲታሰብ በአባትም በእናትም እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን ብዬ ነበር። ኩራቴ ብዙ አልቆየም። የእኔ አገር ሰዎች ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ጥያቄውን በደንብ ይረዱታል፣ መልሱንም ያውቁታል፣ ግን አይናገሩትም። «የለም፣ እኛ ቤት ጤነኞች ነን» ይላሉ ሁሉም። የቤት ገመና ለጥርስ ሐኪም አይወራም። እነሱ አይቆጥሩም፣ እኛ ቆጥረን እንደብቃለን። ለዶክተሩ ሁለቱም ያው ነበር።

ያ ጊዜ የሰሜኑ ጦርነት ወደ እኛ አገር፣ ወደ ቆቦ በኩል የወረደበት ነበር። እናቴ እዚያው ናት። ስልክ ተቆርጧል። በየማለዳው ኮድቡር ሰፈር ካለችው የኪራይ ክፍሌ ስወጣ እደውላለሁ፤ ያቺ የማትታይ ሴትዮ ደግሞ የደወልኩላትን ሰው ማግኘት እንደማልችል በትሕትና ትነግረኛለች። ትሕትናዋ ነበር በጣም የሚያናድደኝ። አንዳንዱ ከተማዋ ተያዘች ይላል፣ አንዳንዱ ተለቀቀች ይላል፣ ሌላው ደግሞ ሰው ሁሉ ወደ ገጠር ወጣ ይላል። ወሬ የሚያመጣልኝ ታናሽ ወንድሜ ነበር። ከበርበራ ወደብ እስከ ቶጎ ውጫሌ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ስለሆነ ድንበሩ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይጠይቅልኛል።

አንድ ሳምንት ግን ወሬ ሳይሆን ጉንጭ ይዞልኝ መጣ። የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ በስብሶ ፊቱ በአንድ በኩል አብጧል። ቅርንፉድ ሲያኝክ፣ በጨው ውኃ ሲጉመጠመጥ፣ ሾፌሩ የሰጠውን ሁሉ ሲሞክር ሰንብቶ ሲያቅተው ነው የመጣው። እየተቆጣሁ ክሊኒክ ወሰድኩት።

ዶክተሩ ጥያቄዋን ጠየቀ። ተረጎምኩ።

«የለም» አለ ወንድሜ።

«የእናትህ ወንድሞችስ?»

እኔው መለስኩ። «እናታችን ወንድም የላትም። በልጅነታቸው የሞቱባት ነበሩ ሲባል ሰምቻለሁ።»

«በምን ሞቱ?»

«እንጃ ዶክተር። የገጠር ልጅ በስንቱ ይሞታል።»

ዶክተሩ አገጩን አሻሸ። ከዚያ ሌላ ጥያቄ አመጣ። ወንድ ሁሉ በሚገረዝበት አገር ይህች ጥያቄ ከምርመራ ትበልጣለች ይል ነበር። «ስትገረዝ ብዙ ደምተህ እንደነበር ነግረውሃል?»

እህት ለወንድሟ ይህን መተርጎም አለባት። ግድግዳው ላይ ያለውን የጥርስ ሥዕል እያየሁ ተረጎምኩ። ወንድሜ ያላበጠው ጉንጩ ቀላ።

«አልደማሁም» አለ፣ ፈጠን ብሎ። «በደኅና ነው የተገረዝኩት።»

ዶክተሩ ትከሻው ሲላላ አየሁት። እንግዲያው አንፈራም አለ። እብጠቱ እስኪቀንስ መድኃኒት እንዲውጥ፣ ከዚያ መጥቶ እንዲነቀል ተቀጠረ።

እኔ ጋ ነው ያረፈው። ከሰዓት በኋላ በር ላይ ተቀምጦ እጅጌውን ሲሰበስብ ክንዱ ላይ ትልቅ ሰማያዊ ብልዝ አየሁ። ምን መታህ ብለው፣ ጆንያ ነው፣ ሳወርድ ታክኮኝ ነው አለኝ። ጆንያ የሚያወርድ ሰው ሁሉ እንዲህ አይበልዝም። ነገርን ነገር ያነሣዋልና ተቀምጬ ልጅነቱን አስብ ጀመር። እናታችን ዛፍ አታስወጣውም፣ ማጭድ አታስይዘውም ነበር። ከእኩዮቹ ጋር ሲታገል ካየችው እየጮኸች ትሮጣለች። እኔ እንጨት ተሸክሜ ስመጣ እሱ ከጥላ ሥር ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበርና ቅናት ይገድለኝ ነበር። የወተት ጥርሱ ሲነቃነቅ ደግሞ የእኔን በክር አስራ እንዳልነቀለችልኝ የእሱን ማንም እንዳይነካው ትቆጣለች። ጥርሱ በራሱ ሲወድቅ ልጆች ይዘውት ጣሪያ ላይ ሊወረውሩ ይሮጣሉ፣ እሷ ግን ጨርቅ ጠቅልላ አስነክሳው ግማሽ ቀን አጠገቡ ትቀመጣለች። እኔ ይህን ሁሉ ቅምጥልነት ነው ብዬ ነበር የማውቀው።

እማዬን ብጠይቃት በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ደወልኩ። ሴትዮዋ በትሕትና መለሰችልኝ።

በከተማው ውስጥ የእናቴን ቤት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሼክ ኑር ሰፈር፣ ከተፈናቃዮቹ መሃል፣ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ የአገራችን አሮጊት። ልጃቸው ሰው ቤት ትሠራለች፤ እሳቸውን ጦርነቱ ሲቀርብ ነው ያስመጣቻቸው። የእናቴን መንደር ከነድንጋዩ ያውቁታል። ችግሩ፣ ስለ እናቴ ወንድሞች በቀጥታ ብጠይቃቸው «ነፍሳቸውን ይማር» ብለው እንደሚያልፉኝ ማወቄ ነው። የሰውን ገመና በልጁ ፊት የሚያወራ ጨዋ ሰው የለም። ገመና የሚወራበት አንድ ጊዜ ብቻ አለ፤ ጋብቻ ሲታሰብ። ያን ጊዜ ዝም ማለት ነው ነውሩ።

ስለዚህ ወንድሜን ዳርኩት።

«እማማ፣» አልኳቸው በማግስቱ፣ ከቆርቆሮ ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠን፣ «ወንድሜ ከልጅዎ ጓደኞች አንዷን ወድዷል። አገር ቤት ሽማግሌ የምንልክበት መንገድ የለም፣ እናቴም አትገኝም። ለልጅቷ እንደ እናቷ እርስዎ ነዎት። ቤታችንን ያውቁታልና ይቁጠሩልኝ።»

እንዲህ ያለ ሥራ ከሰጣቸው ሰው ስንት ጊዜ ሆኗቸው ይሆን? ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። የስደተኛዋ አሮጊት ጠፍተው የአገር ሽማግሌ ሆኑ። በአባቴ በኩል ጀመሩ፣ እናቴን ሲያገባ እንደተቆጠረው ቤት በቤት እየወረዱ፣ ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን መሬት እንደነበረው፣ ማን ዲያቆን እንደነበር ነገሩኝ። ጨዋ ቤት ነው አሉ። ወደ እናቴ ሲዞሩ ግን አሸዋውን በጣታቸው መጫር ጀመሩ።

«ልጄ፣ አትቀየሚኝ።»

«አልቀየምም እማማ።»

«የሰው ልጅ ነው የምትወስዱት፣ ዝም ብል ኩነኔ ነው። የእናትሽ ቤት ወንድ አይበረክትበትም።»

«እንዴት አይበረክትም?»

«ደም ነዋ። አንደኛው አጎትሽ በተገረዘ በማግስቱ አለቀ። ታናሹ፣ እሱን ፈርተው ሳይገርዙት ቆይቶ ነበር፣ ጉሮሮውን ታመመና እንጥሉን አስቆረጡት። አልቆም አለ ደሙ። የሴት አያትሽም ወንድም እንዲሁ ሆነ ይሉ ነበር የጥንቶቹ። እርግማን ነው ተባለ። የዚያን ቤት ሴት የሚያገባ ጠፍቶ ነበር እኮ! አባትሽ ከሩቅ መጥቶ፣ ሳይሰማ ነው ያገባት።»

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ይህ ወሬ እናቴን ስንት ዓመት ሲከተላት እንደኖረ ገባኝ፤ ገበያ ስትሄድ፣ ለቅሶ ስትደርስ። ተነሥቼ ልሄድ ነበር። ከዚያ ግን የዶክተሩ ጥያቄ መጣችብኝ፤ መልሷ አሸዋው ላይ ተጭሮ ተቀምጧል። ክፉ አፍ ያለው አገር ሁሉ ለአንድ ቀን ቢጠቅም ለዚህ ቀን ነው ብዬ አሮጊቷን ጉልበታቸውን ሳምኳቸው። ቤተሰቧ ታምቶባት ጉልበት የምትስም ሴት አይተው ስለማያውቁ ደነገጡ።

በሚኒባሱ ስመለስ ራሴን አጽናናሁ። ወንድሜ ተገርዟል፣ አልደማም፣ ስለዚህ አልወረሰውም። ዶክተሩ ሁሉም ወንድ ልጅ አይወርሰውም ብሎኛል። ግን ያ ብልዝ አለ። እናታችን ጨርቅ ይዛ የተቀመጠችበት ግማሽ ቀንም አለ። ሁለቱን ነገር በአንድ ራስ መያዝ አቃተኝ። ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል፤ እኔን ያን ቀን የሳበኝ ፍርሃት ነበር።

ቤት ስገባ ወንድሜ እብጠቱ ቀንሶለት በደስታ ዳቦ በሻይ ይነክር ነበር። ነገ እንደሚነቀል ያስባል። አልተቀመጥኩም።

«እውነቱን ንገረኝ። ተገርዘሃል?»

ዳቦው ሻዩ ውስጥ ቀረ።

«ማን ነገረሽ?» አለ።

እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅሁም ነበር። ጎኑ ተቀመጥኩ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው ያወራው። ወንዝ ሲወርዱ ከልጆች ተለይቶ ይታጠብ እንደነበር፣ አድጎም በዚህ እስላም አገር፣ በረዳቶች መሃል፣ ገላውን ሲታጠብ የሚያየው ሰው እንዳይኖር ሲጠባበቅ እንደሚኖር፣ ሊያገባት ያሰባትን አንዲት ልጅ በዚህ ምክንያት እንደሸሻት ነገረኝ። «ሐኪም ጋ ሄጄ ልገረዝ ስንት ጊዜ አሰብኩ፣ እታለም» አለ። «ከዚህ ጥርስ በኋላ ልሄድ ወስኜ ነበር።» ከዚያ የከፋውን ተናገረ። «አባታችን ውትድርና ላይ ነበር፤ አስታዋሽ የለም። እማዬ ረሳችኝ። አንድ ወንድ ልጅ ኖሯት እሱን ረሳችው።»

ነገ መንቀያው አፉ ውስጥ ሊገባ ነበር፤ ከዚያ ተርፎ ደግሞ በገዛ እግሩ ወደ ምላጭ ሊሄድ ነበር። በአንዲት ውሸት። ውሸቷም ክፋት የለባትም፣ እህቱ ፊት ሐፍረት ነው። ያስተረጎምኩት እኔ ባልሆን፣ ሌላ ወንድ ቢያስተረጉም ኖሮ እውነቱን ይናገር ነበር ይሆን? ሌላ ወንድ ፊት እንዲያውም ይብስ ነበር። አሮጊቷ ያሉኝን ሁሉ ነገርኩት። ሲሰማ ቆየና ቀስ ብሎ፣ «እንግዲያው አልረሳችኝም» አለ። ይህን ሲል አለቀስኩ፣ እሱ ግን አላለቀሰም። ደጋግሞ ብቻ አለው።

ዶክተሩ ሲሰማ የያዘውን መሣሪያ አስቀምጦ በሽተኛ ወንበር ላይ ራሱ ተቀመጠ። እሱ በልጅነቱ ሐርጌሳ በአውሮፕላን ስትደበደብ ከእናቱ ጋር ወደ እኛ አገር ተሰድዶ፣ በመጠለያ ጣቢያ ያደገ ሰው ነው። «አባቶቼን እስከ ሃያኛው ልቁጠርልሽ እችላለሁ፣ አባዮ» አለኝ። «የእናቴን እናት ስም ግን አላውቀውም። የእናቴ ሰዎች እዚህ ከተማ ውስጥ አለቁ። እሷም አረፈች። አሁን ማን ይነግረኛል? የራሴን ጥርስ ላስነቅል ብል እኔው ለጥያቄዬ መልስ የለኝም።» ከዚያ ተነሥቶ እጁን ታጠበና ወደ ሥራው ገባ።

ነቀላው ቀረ። ሐኪም ቤት ወስደን ደሙ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ አስለካን፤ ከሚገባው በላይ ዘገየ። የበሽታውን ልክ የሚለየው ምርመራ በከተማው አልነበረም፣ ዶክተሩ ግን ያየሁት ይበቃኛል አለ። ጥርሱ ከውስጥ ሞቶ ስለነበር መርፌም አላስፈለገውም፤ ከላይ በመሰርሰሪያ ከፈተለትና መግሉ በዚያው ወጣ። ሥሩን እየጠረገ፣ በመድኃኒት እየሞላ፣ በብዙ ቀጠሮ ጥርሱን እዚያው ባለበት አዳነው። መምጠጫዋን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ድዱ በትንሹ ተነክቶ አንዲት የደም ጠብታ በወጣች ቁጥር ሁለታችንም እጃችንን አቁመን እናያት ነበር። ስትቆም እንቀጥላለን።

በአንደኛው ቀጠሮ መጨረሻ ዶክተሩ እጁን እየታጠበ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ «አንቺም ይዘሽው ሊሆን ይችላል፣ ታውቂያለሽ አይደል?» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። እስከዚያች ሰዓት ግን ስለ ራሴ አላሰብኩም ነበር። ልጅ አልወለድኩም፤ ብወልድ ግን ለአዋላጇ ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራት ምን እንደሆነ ያን ቀን ወሰንኩ። ገመና ነው ብዬ አልደብቀውም። ከፈለጉ ይሙኝ።

ማማታቸው ደግሞ አልቀረም። አሮጊቷ ለልጃቸው፣ ልጃቸው ለጓደኞቿ ነግራ፣ ወንድሜ ያላየው ሠርግ ፈርሶ፣ የእኛ ቤት ወንድ የማይበረክትበት መሆኑ በሐርጌሳ ሐበሾች መሃል ተዳረሰ። እናቴ ስንት ዓመት የሸሸችው ወሬ ድንበር ተሻግሮ መጣልን። እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ አልጸጸትበትም።

ስልኩ የተከፈተው ወንድሜ ለመጨረሻው ሙሌት በመጣበት ሰሞን ነው። ወንድሜ አጠገቤ እንደተቀመጠ፣ እንደ ልማዴ ስደውል ያቺ ትሑት ሴትዮ ቀርታ ጠራ። እማዬ ራሷ አነሣችው። ጮህኩ። እሷም ጮኸች። ቤቱ ጣሪያው ተመትቷል፣ ከብት የለም፣ እሷ ግን አለች። ማን ሞተ ማን ተረፈ ተባባልን፣ አለቀስን። ከዚያ ልጄስ አለች።

«ደኅና ነው። ጥርሱን ታሞ ነበር።»

ድምፅዋ ተለወጠ። ስለ ጦርነቱ ስታወራ እንኳ እንዲህ አልፈራችም። «ነቀሉት?!»

«አልነቀሉትም እማዬ። አውቀናል።»

ከዚያ በዝቅታ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ይመስል፣ ተናገረች። ታናሽ ወንድሟ እሷ አቅፋው ነው ያለቀው። ወንድ ልጅ ስትወልድ ስምንተኛው ቀን ሳይደርስ ታሟል ብላ ዘጋችበት። በኋላ እዘመድ ዘንድ ወስጄ ላስገርዘው ብላ ሌላ ቀበሌ ይዛው ሄደች፣ ሰንብታ ተመለሰች፣ ዶሮ አርዳ ጎረቤት አበላች። ሁሉም በሉ፣ መረቁ፣ ማንም አልጠረጠረም። «ቆላፋ ተብሎ የሞተ የለም ብዬ ነው» አለች። «ልነግረው አስብና አፌ ይያዛል። ምን ብዬ ልንገረው? የኔ ቤት ደም ነው የሚገድልህ ልበለው?»

ስልኩን ለወንድሜ ሰጠሁት። ድምፅ ማጉያው ላይ ስለነበር ሁሉንም ሰምቷል። ምን እንደሚላት አላወቅሁም፤ ያን ሁሉ ዓመት የተቆጣባት ልጅ ነው።

«እማዬ፣» አላት፣ «ቆላፋ ስላደረግሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«ዝም በል አንተ! ሰው ይሰማል!» ብላ ጮኸችበት፣ ጣሪያ ከሌለው ቤቷ። ከዚያ ሁለቱም ሲስቁ ሰማሁ።